የተከፈለበት ምስክርነትና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በአሶሳ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ የመሐንዲስ ጉዳይ አይመስልም። ነገሩ ስለማስታወቂያ ነው። ይኸውም በቲክቶክ፣ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በዩቲዩብ ብዙ ተከታይ ያፈሩ፣ በተለምዶ «ተጽዕኖ ፈጣሪዎች» የምንላቸው ሰዎች፣ ከነጋዴ ገንዘብ ወይም ዕቃ እየተቀበሉ ስለሚያሰሙት ውዳሴ ነው። ነገር ግን በዚህ ውዳሴ ውስጥ ያሉትን ቃላት አንድ በአንድ ለይተን ብናያቸው ብዙዎቹ የእኛው ቃላት ሆነው እናገኛቸዋለን። ዋት፣ ቮልት፣ አምፔር ሰዓት፣ ሜትር፣ በመቶ የሚሉት ናቸው። ዋት ለመሐንዲስ ውል ነው፤ በምን ሁኔታ፣ በምን መሣሪያ፣ በምን ያህል ስሕተት እንደተለካ የሚያስጠይቅ ውል። ለአስተዋዋቂው ግን ጌጥ ሆኗል። እንግዲህ የሙያችን ቃል የሙያችን ሕግ ሳይከተለው በየመንደሩ ሲነገር ዝም ማለት ይገባናልን? የንግግሬ ጥያቄ ይኸው ነው።

ነጋዴ ዕቃውን ማመስገኑ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነውርም የለበትም። በገበያ የተቀመጠች ማር ሻጭ «ማሬ ንጹሕ ነው» ብትል ገዢው ሻጭ መሆንዋን ያውቃልና ቃሏን በዚያው ልክ ቀንሶ ይሰማዋል፤ ቀምሶም ይገዛል። ደላላም ቢሆን ደላላነቱ የታወቀ ነው፤ ከሁለቱም ወገን እንደሚቀበል የማያውቅ የለም። በሬዲዮና በጋዜጣ የሚወጣውም ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ ከዜናውና ከመዝናኛው ተለይቶ ይታያል። አሁን የመጣው ለውጥ የተናጋሪው ቦታ መለወጡ ነው። ተናጋሪው ሻጭ ነኝ አይልም፤ ደላላ ነኝ አይልም። «እኔ ራሴ ተጠቅሜበት ያየሁት ነው» ይላል። ይህ ደግሞ የምስክር ቃል ነው። ዳኛ ፊት የቆመ ምስክር ከአንደኛው ተከራካሪ ገንዘብ መቀበሉ ቢታወቅ ቃሉ ምን ያህል እንደሚመዘን ሁላችንም እናውቃለን። በስልክ መስኮት የሚቀርበው ምስክር ግን ተከፍሎት እንደሆነ አድማጩ አያውቅም። የአሳሳቹ ማስታወቂያ የመጀመሪያው ሐሰት ስለዕቃው የሚነገረው ሳይሆን፣ ተናጋሪው ስለራሱ የሚደብቀው ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመታተሙ በፊት የሚያየው አለመኖሩ ነው። ጋዜጣ አዘጋጅ አለው፤ የሬዲዮ ጣቢያ ፈቃድ ያለውና የሚጠየቅ ድርጅት ነው። በአንድ እጅ ስልክ የሚቀረጸው ቃል ግን ያለ አራሚ ወጥቶ በአንድ ሌሊት ከአዲስ አበባ እስከ ኩርሙክ ይደርሳል፤ በማግሥቱም ሊጠፋ ይችላል። ሦስተኛው ችግር ክፍያው ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ማስተላለፍ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ሆኗል። ይህ ታላቅ በረከት ነው፤ ይሁን እንጂ በገዢው የማመን ቅጽበትና በገንዘቡ መሄድ መካከል የነበረውን የማሰቢያ ጊዜ አጥፍቶታል። አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል። አባባላቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ገንዘቡ የሚከፈለው ሳይነጋ ነው።

ጉዳዩ በክልላችን ከሌላው ቦታ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው፣ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የሚገኝበት ክልል ነው። ይሁንና ከዋናው የኃይል መስመር ርቀው የሚኖሩ ብዙ የገጠር ቤተሰቦች ዛሬም ማታ መብራት የሚያገኙት ከትንሽ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ነው፤ ስልካቸውንም የሚሞሉት በዚያው ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የመርካቶ ገዢ የማይሠራ ዕቃ ቢገጥመው በማግሥቱ ተመልሶ ሻጩን አንገቱን ይይዛል። የሸርቆሌ ወይም የመንጌ ገዢ ግን ዕቃውን ለመመለስ የሚያወጣው የመጓጓዣ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ይበልጥበታል። ስለዚህ ዋስትና የሚባለው ነገር ለእርሱ በወረቀት ላይ ያለ ቃል ብቻ ነው። መግዛት ለእርሱ የአንድ ጊዜ ውሳኔ ነውና፣ ከመግዛቱ በፊት የሚሰማው ቃል እውነተኛ መሆን ይገባዋል።

ይህ ምድር የተጋነነ ተስፋን የሚያውቀው ከስልክ ዘመን በፊት ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ወርቅ ነበር። ዮሴፍ ሩሴገር የተባለው ኦስትሪያዊ የማዕድን ባለሙያ በእርሱ ተቀጥሮ እ.ኤ.አ. በ1838 እስከ ፋዙግሊና እስከ ቤኒ ሻንጉል ደረሰ፤ ስለአካባቢው ወርቅም ብዙ ተስፋ የሚሰጥ ዘገባ አቀረበ። ገዥውም በስተርጅናው ራሱ እስከ ፋዙግሊ ድረስ ተጓዘ፤ የተጠበቀውን ያህል ወርቅ ግን አላገኘም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ወርቁ ሐሰት አለመሆኑን ነው። ወርቁ ነበረ፤ ዛሬም አለ፤ የበርታ እናቶች በየወንዙ ዳር አሸዋ አጥበው ያወጡታል። ስሕተቱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። አሳሳች ቃል ብዙውን ጊዜ ከመሠረቱ የተፈጠረ ውሸት ሳይሆን፣ ልኩ የጠፋበት እውነት ነው። የባለሙያ ስም ሲጨመርበት ደግሞ አንድን ገዥ እንኳ ከካይሮ ሊያስነሣ ይችላል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንግባ። በማስታወቂያ ከሚነገሩት የይገባኛል ቃላት መካከል አራቱን ወስደን በሙያችን ሚዛን እንያቸው። ለማየት ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልገንም።

የመጀመሪያው የሶላር ሰሌዳ ነው። የሰሌዳ ዋት የሚለካው በስምምነት በተወሰነ ሁኔታ ነው፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍና የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። በገበያ ያሉት ጥሩ የሲሊከን ሰሌዳዎች ከዚህ ብርሃን ከ20 እስከ 22 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። ስለሆነም አንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ የሚሰጠው 200 ወይም 220 ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ ርዝመቱ 50 ወርዱ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ «150 ዋት» ተብሎ ቢቀርብ ሜትራችንን አውጥተን ብንለካው ስፋቱ 0.175 ካሬ ሜትር ነው፤ ከእርሱም ከ40 ዋት በላይ አይጠበቅም። ይህን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ማባዛት ይበቃል። በዚህ ላይ በቆላው ፀሐይ ሴሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ፣ በየዲግሪው እስከ 0.4 በመቶ እየቀነሰ፣ ከዚያችው ከ40 ዋት እስከ 14 በመቶ ሊጎድል ይችላል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። በ150 ዋት ታስቦ የተገዛው የእርሳስ አሲድ ባትሪ በ40 ዋት መቼም ጠግቦ አይሞላም። ሳይሞላ የሚከርም እንዲህ ያለ ባትሪ ውስጡ በሰልፌት እየተያዘ ያለ ዕድሜው ይሞታል። ቤተሰቡም «ሶላር የሚባል ነገር አይረባም» ብሎ ወደ ኩራዝ ይመለሳል። ሐሰተኛው ዋት ያጠፋው አንድ ባትሪ ብቻ አይደለም፤ በቴክኖሎጂው ላይ የነበረውን እምነት ጭምር ነው።

ሁለተኛው ፓወር ባንክ ነው። «20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፤ ስልክዎን አራት ጊዜ ይሞላል» ይባላል። ቁጥሩ በሴሉ ቮልቴጅ፣ ማለትም በ3.7 ቮልት የተሰላ ነው፤ ይህም 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው። መሣሪያው የሚሰጠን ግን በ5 ቮልት ነውና 14,800 ይሆናል፤ በመለወጫው የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 13,000 ይወርዳል። ባለ 5000 ስልክን ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላል እንጂ አራት ጊዜ አይሞላም። ይህ ገና እውነተኛ ዕቃ ሲሆን ነው። «50,000» ተብሎ በመዳፍ የሚያዝ ዕቃ ሲቀርብልን ደግሞ ወደ ሚዛን እንሂድ። የተለመደው ክብ የሊቲየም ሴል ክብደቱ ከ45 እስከ 48 ግራም ነው፤ የሚይዘውም ቢበዛ 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። 50,000 ለመድረስ 15 ያህል ሴል ያስፈልጋል፤ ይህም ሴሉ ብቻ 700 ግራም ማለት ነው። ዕቃው 200 ግራም ቢመዝን ክሱ ተረጋግጧል። እኛ የምንኖረው ወርቅ በሚመዘንበት አገር ነው። በየገበያው ሚዛን አለ፤ የሚጎድለው ዕቃውን በሚዛኑ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ብቻ ነው።

ሦስተኛው «የመብራት ሒሳብ ቆጣቢ» እየተባለ በሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሽ ሣጥን ነው። በብዙ አገሮች ተሽጧል፤ በብዙ አገሮችም ተፈትሾ ወድቋል። ሲከፈት በውስጡ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ካፓሲተርና አንድ አረንጓዴ መብራት ነው። ካፓሲተር ለፋብሪካ ሞተሮች የኃይል ምጥጥንን እንደሚያሻሽል እናውቃለን፤ የማስታወቂያውም ቃል የተቀዳው ከዚህ እውነት ነው። ነገር ግን የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ሥራ ላይ የዋለውን ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ የሚወስደው ያው ነው፤ ሒሳቡም ያው ነው። እዚህ ላይ የባለሙያን ቋንቋ ተውሶ ባለሙያ ያልሆነውን ማሳሳት ምን እንደሚመስል በግልጽ ይታያል።

አራተኛው ለክልላችን ከሁሉ የከፋው ነው፤ እርሱም «ወርቅን ከሩቅ ያሳያል» የሚባለው መሣሪያ ነው። ትክክለኛ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ አለ፤ ይጠቅማልም። በሽቦ ጥቅል መግነጢሳዊ መስክ ፈጥሮ ከወርቁ የሚመለሰውን ደካማ ምላሽ ያዳምጣል። ነገር ግን የመስኩ ጉልበት በርቀቱ ኩብ ይቀንሳል፤ ምላሹም ሲመለስ እንደገና በርቀቱ ኩብ ይቀንሳል። ስለዚህ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ 64 ጊዜ ይደክማል። በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የሚሰማ የወርቅ ፍንካች በ20 ሜትር ርቀት ላይ ምልክቱ በአንድ ሚሊዮን ሚሊዮን እጅ የደከመ ይሆናል። በመቶ ሜትሮች ርቀት ወርቅ የሚጠቁም አንቴና አለ የሚል ሰው ከዚህ ስሌት ጋር መከራከር አለበት። ከእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ጋር የሚመሳሰል ነገር ወደ ምን እንደሚያደርስ ዓለም አይቷል። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለው እንግሊዛዊ ለጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋ ከሚሸጥ መጫወቻ የተቀዳውን፣ በውስጡ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ የሌለውን ዕቃ፣ «ኤ.ዲ.ኢ. 651» ብሎ ሰይሞ የፈንጂ መፈለጊያ ነው በማለት ለኢራቅ በብዙ ሺህ ዶላር ሸጠ። ወታደሮች በየኬላው ይህን ይዘው ቆሙ፤ ፈንጂ የጫኑ መኪናዎችም አለፉ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ላይ በአሥር ዓመት እሥራት ተቀጣ፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም።

በእኛ ዘንድ ጉዳቱ በሌላ መንገድ ይመጣል። ወርቅ አጣቢው ለመሣሪያው የሚከፍለው የወራት ልፋቱን ነው፤ አንዳንዴም ተበድሮ ነው። ከዚያም መሣሪያው ባመለከተው ቦታ ይቆፍራል። ምንም በሌለበት ቦታ የተቆፈረ ጉድጓድ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን የከፈለ ሰው ተስፋ ለመቁረጥ ይከብደዋል። ድጋፍ የሌለው ጉድጓድ በክረምት ምን እንደሚሆን ለአፈር መሐንዲሶቻችን መንገር አያስፈልገኝም። እንግዲህ ማስታወቂያው በሳቅና በሙዚቃ ታጅቦ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ቢመስልም፣ መጨረሻው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ነገር እንረዳለን። በማስታወቂያ የሚነገሩ ቃላት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የተሞክሮ ቃል ነው፤ «መብራቱን አበራሁት፤ በራልኝ» የሚል። ይህን ማንም ሰው ሊናገር ይችላል፤ እውነት እስከሆነ ድረስ። ሁለተኛው የልኬት ቃል ነው፤ «150 ዋት ነው፤ በወር ሒሳብ 30 በመቶ ይቀንሳል» የሚል። ይህን ለመናገር የለካ ወይም የለካውን ሰው ሰነድ ያየ መሆን ያስፈልጋል። ሦስተኛው የተስፋ ቃል ነው፤ «ሕይወትህ ይለወጣል፤ ወርቁን ታገኛለህ» የሚል። ይህን ማንም በገንዘብ ሊሸጠው አይገባም። አሳሳቹ ማስታወቂያ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ እያከታተለ ይናገራቸዋል። አድማጩ በመጀመሪያው አምኖ ሳያውቀው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይቀበላል። መብራቱ ሲበራ በዓይኑ አይቷልና፣ 150 ዋቱንም ያየ ይመስለዋል።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደያዙት ማየት ይጠቅመናል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የምስክርነት ማስታወቂያን የሚመለከት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 አውጥቶ ነበር። በ2009 በኢንተርኔት ለሚጽፉ ሰዎች እንዲደርስ አሻሻለው፤ በ2023ም እንደገና አሻሻለው። የመመሪያው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ በተናጋሪውና በሻጩ መካከል አድማጩ የማይጠብቀው ጥቅም ካለ በግልጽ ይነገር የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኪም ካርዳሺያን የተባለችው ዝነኛ ሴት ኢቴሪየም ማክስ የተባለን የዲጂታል ገንዘብ ለማስተዋወቅ 250,000 ዶላር መቀበልዋን ሳትገልጽ በመቅረትዋ፣ የአገሪቱ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጠይቋት 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች። ፈረንሳይ ደግሞ ተጽዕኖ ፈጣሪዎችን ብቻ የሚመለከት ሕግ በ2023 አውጥታለች፤ የንግድ ማስታወቂያ የሆነ ሁሉ ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት እንዲታይ ታዛለች።

በአገራችንም ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ማስታወቂያ ከመደበኛው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅም አዟል። ከማሠራጫ መንገዶች መካከልም ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከጋዜጣ ጋር ኢንተርኔትን ቆጥሯል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ስለዕቃው ባሕርይ፣ ጥራት፣ መጠንና ጠቀሜታ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች የንግድ ማስታወቂያ እንዳይነገር ደንግጓል፤ በፒራሚድ ዘዴ መሸጥንም ከልክሏል። ይህን አዋጅ ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሲታጠፍ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። ሕግ ሲፈጸም ልማድን መለወጥ እንደሚችልም ምሳሌ አለን፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከከለከለ በኋላ የምሽት ዝግጅቶች መልክ መለወጡን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ጣቢያዎች ጥቂቶችና የታወቁ ናቸው፤ ስልክ የያዘ ተናጋሪ ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ተቆጣጣሪው ሁሉን ሊከታተል አይችልም። ሊከታተል የሚችለው በማስረጃ ተደግፎ የቀረበለትን አቤቱታ ነው። ስለዕቃ ዋት ማስረጃ ሊያቀርብ የሚችለው ደግሞ ማን ነው? እኛ ነን።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ። አንደኛው፣ «ተናጋሪው ወጣት እንጀራ ፈላጊ ነው፤ ስለቴክኒክ ምን ያውቃል? የተነገረውን ተናገረ» የሚል ነው። መልሴ ይህ ነው፤ ካፓሲተር ምን እንደሆነ እንዲያውቅ አልጠይቀውም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ተከፍሎት እንደሆነ ይናገር፤ ያላየውንና ያልለካውን አየሁ፣ ለካሁ አይበል። ለዚህ የሚያስፈልገው እውቀት ሳይሆን ጨዋነት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ይህ ዓይነቱ ማስታወቂያ ለአካባቢያችን ጠቅሟል» የሚል ነው። እውነት ነው። የአሶሳ ማንጎ በየዓመቱ ገበያ አጥቶ ከዛፍ ሥር ሲበሰብስ ያየን ሰዎች፣ አንድ ወጣት ቀርጾ ያሠራጨው ምስል ለአንድ ገበሬ ገዢ ቢያመጣለት ደስ ይለናል። ስለቀርከሃ ሥራችንም፣ ስለማራችንም እንዲሁ ነው። ክርክሬ ከመሣሪያው ጋር አይደለም። ይልቁንም የማንጎው ማስታወቂያ እንዲታመን ከተፈለገ የዋቱ ማስታወቂያ መዋሸት የለበትም። አንድ ጊዜ የተታለለ ሕዝብ እውነተኛውንም አያምንምና፣ በመጨረሻ የሚከስረው ንጹሕ ማር ይዞ የሚመጣው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በማስታወቂያ ገበያ ውስጥ የእኛም ማዕረግ ዋጋ አለው። «ኢንጂነር እገሌ እንዳረጋገጡት» የሚል አንድ ሐረግ ከአንድ መቶ ጭፈራ የበለጠ ዕቃ ይሸጣል። ይህ እምነት የአንዳችንም የግል ንብረት አይደለም። መንገድ የቀየሱ፣ ድልድይ የሠሩ፣ በጉባ በረሓ ዓመታት ቆመው ኮንክሪት ያፈሰሱ ባልደረቦቻችን በጋራ ያጠራቀሙት ነው። በጋራ የተጠራቀመን ነገር አንዱ ለብቻው ሊሸጠው አይገባም። ስለሆነም አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማንኛውም አባል ራሱ ያልለካውን ዕቃ በማዕረጉ እንዳያመሰግን፣ ለክቶ የሚናገር ከሆነም የተለካበትን ሁኔታና የተከፈለውን ጥቅም አብሮ እንዲገልጽ፣ ማኅበራችን በጽሑፍ ይወስን።

ሁለተኛ፤ በአሶሳ አነስተኛ የመፈተሻ ጠረጴዛ ይቋቋም። የሚያስፈልጉት አንድ መልቲሜትር፣ የባትሪ መሙያ መለኪያ፣ የብርሃን መለኪያ፣ ሚዛንና ሜትር ናቸው። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች ከባለሙያ ጋር ሆነው ቢሠሩበት ለእነርሱም ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሆናቸዋል። ማንም ሰው የገዛውን ወይም ሊገዛ ያሰበውን ዕቃ አምጥቶ በነጻ ያስለካ።

ሦስተኛ፤ ውጤቱ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይነገር። በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋዎችም ይሁን። አሳሳቹ ቃል በሰው አፍ መፍቻ ቋንቋ እየገባ፣ እርማቱ በሌላ ቋንቋ ቢወጣ ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ተሸንፈናል። አጭር ይሁን፤ «ሰሌዳውን ለካ፣ ፓወር ባንኩን መዝን፣ ከፍሎህ እንደሆነ ተናጋሪውን ጠይቅ» ከሚለው ብዙም አይርዘም።

አራተኛ፤ አቤቱታ ማቅረብን እንማር፤ እናስተምርም። ማስታወቂያው የታየበት ቀን፣ የተቀረጸ ቅጂው፣ የክፍያ ማረጋገጫውና የልኬቱ ውጤት በአንድ ላይ ተያይዘው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይቅረቡ። በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ሥራችን መለካትና የለካነውን መናገር ነው እንጂ ሰውን መስደብ አይደለም። «ይህ ሰው ሌባ ነው» ማለት የዳኛ ሥራ ነው። «ይህ ሰሌዳ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ፀሐይ ሲለካ 33 ዋት ሰጠ፤ የተጻፈበት ግን 150 ነው» ማለት የእኛ ሥራ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ይከብዳል፤ ሊያስተባብለው የሚችልም ሌላ ልኬት ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል አነጋገር አለን። ብልኅነትን የሚያስተምር አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ሙሉውን ሸክም በገዢው ላይ ይጥላል። ሌሊት በኩራዝ የምታጠና ልጅ ያለቻት እናት ስለሴል ሙቀትና ስለቮልቴጅ እንድትጠረጥር መጠበቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም። እርስዋ ሜዳውን ስታቋርጥ ድልድዩን አትጠራጠርም፤ የሠራው ሰው አስልቶ እንደሠራው ታምናለች፤ ማመንዋም ትክክል ነው። በገበያ ለሚቀርብላት ሰሌዳም የዚያኑ ያህል እምነት እንዲኖራት ከተፈለገ፣ ስለእርስዋ የሚጠረጥርና የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኛ እንሁን። ከሦስት ወር በኋላ በምናደርገው ስብሰባ የመፈተሻው ጠረጴዛ ቆሞ፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዕቃዎች ተለክተው፣ ውጤታቸው በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለማየት እንድንወስን በትሕትና እጠይቃለሁ።